የሊጉ አንደኛና የዋንጫው ባለቤት፦ ኤሲሲ ሻምፒዮኑን እንዴት ይለያል?

ጥያቄ፦ «ሲልቨር ስፕሪንግ የምኖር የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ቅርጫት ኳስ ደጋፊ ነኝ። በ2024 እዚሁ ዋሽንግተን ዲሲ በተካሄደው የኤሲሲ (የአትላንቲክ ኮስት ኮንፈረንስ የተባለው የዩኒቨርሲቲዎች ሊግ) ውድድር በሊጉ አሥረኛ የወጣው ኤንሲ ስቴት ዋንጫ አንስቶ ሻምፒዮን ተባለ። ዓመቱን ሙሉ ሲመራ የከረመው ኖርዝ ካሮላይና ግን ባዶ እጁን ቀረ። ልጄ ‹ደንቡ ነው› ይለኛል። እኔ ግን የወራት ልፋት በአምስት ቀን ውድድር ሲሰረዝ ፍትሕ አይመስለኝም። የእኛ ሜሪላንድም በ1974 በዚሁ ውድድር ተበድሎ፣ ደንቡ በእሱ ምክንያት ተቀየረ ሲባል እሰማለሁ። ታሪኩ እንዴት ነው? አንደኛ የወጣውን ቡድን ወደ ብሔራዊው ውድድር መላክ አይሻልም?»

ምላሽ፦ ኖርዝ ካሮላይና ባዶ እጁን አልቀረም። በዲሲው ፍጻሜ 84 ለ 76 በተሸነፈ ማግስት የብሔራዊው ውድድር፣ ማለትም የዩኒቨርሲቲ ስፖርትን የሚያስተዳድረው የኤንሲኤኤ ድልድል ሲወጣ፣ በምዕራቡ ምድብ በጥንካሬ ቁጥር 1 ተብሎ ተመደበ። ያሸነፈው ኤንሲ ስቴት በደቡቡ ምድብ የተሰጠው ቁጥር 11 ነው። ዋንጫውን ያነሳው ቡድን አሥራ አንደኛ፣ የተሸነፈው አንደኛ ሆነው ገቡ ማለት ነው። ዓመቱን ሙሉ የተለፋበት ውጤት አልተሰረዘም፤ ያጣው የሊጉን ዋንጫና የሻምፒዮንነት ስሙን ብቻ ነው። (ሁለቱ ስሞች ለብዙ ሰው ስለሚምታቱ፦ ኖርዝ ካሮላይና የምለው ቻፕል ሂል የሚገኘውን፣ ኤንሲ ስቴት የምለው ራሊ ያለውን ዩኒቨርሲቲ ነው። ዓመቶቹም ወሮቹም በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በጥያቄዎ ውስጥ ሦስት ውድድሮች ተደባልቀዋል። አንደኛው ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት መጀመሪያ የሚደረገው መደበኛ የሊግ ጨዋታ ሲሆን የደረጃ ሰንጠረዥ ያለው እሱ ነው። ሁለተኛው በመጋቢት ውስጥ በጥቂት ቀናት የሚያልቀው የሊጉ ጥሎ ማለፍ ነው። ሦስተኛው ከመላው አገሪቱ የተውጣጡ ቡድኖች የሚገናኙበት ብሔራዊ ውድድር ነው። እኛ በእግር ኳስ የለመድነው የፕሪሚየር ሊጉ አንደኛ ሻምፒዮን ሲባል፣ የኤፍኤ ካፕ አሸናፊ ደግሞ ለብቻው ዋንጫ ሲወስድ ነው። ኤሲሲ ውስጥ ግን የሊጉ ሻምፒዮን የሚባለው በደንቡ መሠረት የጥሎ ማለፉ አሸናፊ ነው፤ ወደ ብሔራዊው ውድድር የሚያስገባውን ቀጥታ ማለፊያም የሚያገኘው እሱ ነው። በዚህ ልጅዎ ትክክል ነው። ደንቡ ፍትሐዊ ነው ወይ የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው። መልሱም በ1970፣ በ1974 እና ዛሬ አንድ ዓይነት አይደለም።

ነገሩ የጀመረው ከቅርጫት ኳስ ይልቅ በአሜሪካ እግር ኳስ ነበር። በ1950ዎቹ መጀመሪያ እነዚህ ዩኒቨርሲቲዎች የሳውዘርን ኮንፈረንስ አባላት ነበሩ። ማኅበሩ አባላቱ በዓመቱ ማብቂያ በሚደረጉት የቦውል ጨዋታዎች እንዳይሳተፉ ከልክሎ ነበርና ክልከላውን ተላልፈው የተጫወቱት ሜሪላንድና ክሌምሰን ተቀጡ። በግንቦት 1953 ሰባት ዩኒቨርሲቲዎች ግሪንስቦሮ ላይ ተሰብስበው ተገነጠሉና ኤሲሲን መሠረቱ፦ ሜሪላንድ፣ ክሌምሰን፣ ዱክ፣ ኖርዝ ካሮላይና፣ ኤንሲ ስቴት፣ ሳውዝ ካሮላይናና ዌክ ፎረስት። በዚያው ዓመት መጨረሻ ቨርጂኒያ ስምንተኛ ሆኖ ገባ። ሻምፒዮንን በጥሎ ማለፍ የመለየትን ልማድ ይዘው የመጡት ከለቀቁት ቤት ነው፤ የሳውዘርን ኮንፈረንስ ከ1920ዎቹ ጀምሮ እንዲህ ያደርግ ነበር።

ልማዱ አዲሱ ሊግ ውስጥ ሥር እንዲሰድድ የለፋው የኤንሲ ስቴቱ አሰልጣኝ ኤቨረት ኬስ ነው። ኬስ የመጣው ከኢንዲያና ነበር። እዚያ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ጥሎ ማለፍ ከተሞችን በሙሉ አዳራሽ ውስጥ የሚያጎርፍ ትልቅ ጉዳይ ስለነበር፣ አንድ ሽንፈት የሚያሰናብትበት ጨዋታ ሕዝብን ምን ያህል እንደሚስብ ያውቃል። አሸናፊ ቡድን መሰላል ላይ ወጥቶ የቅርጫቱን መረብ በመቀስ ቆርጦ የሚወስድበትን ልማድ በኮሌጅ ጨዋታ ያስፋፋውም እሱ እንደሆነ ይነገራል። ቡድኑ የሚጫወትበት ሬይኖልድስ ኮሊሲየም ከአሥራ ሁለት ሺህ በላይ ሰው የሚይዝ፣ በአካባቢው ተወዳዳሪ ያልነበረው አዳራሽ ነበር። የመጀመሪያው የኤሲሲ ውድድር በ1954 እዚያው ተደርጎ ኤንሲ ስቴት ዌክ ፎረስትን በተጨማሪ ሰዓት 82 ለ 80 አሸነፈ። ተከታዮቹን ሁለት ዓመታትም ዋንጫው ከራሊ አልወጣም። እስከ 1966 ድረስ ውድድሩ በዚያው አዳራሽ በመቆየቱ ባለሜዳው ከሌሎቹ የተለየ ጥቅም አግኝቷል፤ በወቅቱ የነበረው ቅሬታም ተገቢ ነበር።

የእርስዎ ቅሬታ ሙሉ እውነት የነበረበት ዘመንም ይህ ነው። ያኔ ወደ ብሔራዊው ውድድር የሚገባው ከአንድ ሊግ አንድ ቡድን ብቻ ሲሆን፣ ኤሲሲ ያችን አንዲት ቦታ የሚሰጠው ለጥሎ ማለፉ አሸናፊ ነበር። ሌሎቹ ትልልቅ ሊጎች የሰንጠረዡን አንደኛ ይልኩ ነበር። ኤሲሲ ውስጥ ግን ዓመቱን ሙሉ ያልተሸነፈ ቡድን በሦስት ቀን ሦስት ጊዜ ማሸነፍ ነበረበት፤ አንዱን ከሳተ ዓመቱ አለቀ። የፍራንክ ማጓየር ኖርዝ ካሮላይና በ1957 በ32 ጨዋታ 32 ድል ይዞ የአገሪቱ ሻምፒዮን የሆነ ቡድን ነው። በፍጻሜውም ዊልት ቻምበርሊን የሚጫወትበትን ካንሳስን በሦስት ተጨማሪ ሰዓት አሸንፏል። ይህ ቡድን ግን በኤሲሲው ግማሽ ፍጻሜ ዌክ ፎረስትን ያለፈው 61 ለ 59 ነው። አንዲት ኳስ ብትስት ኖሮ ያን ቡድን ዛሬ የሚያስታውሰው ሰው ጥቂት በሆነ ነበር።

ሳውዝ ካሮላይና በ1970 ይህ ዕድል አልቀናውም። ያኔ ስምንቱ ቡድኖች እያንዳንዳቸው ከሰባቱ ጋር በሜዳቸውና ከሜዳቸው ውጭ ይገናኙ ስለነበር የሊጉ ጨዋታ 14 ነው። ሳውዝ ካሮላይና አሥራ አራቱንም አሸነፈ። ቻርሎት ላይ በተደረገው ፍጻሜ ግን ኮከቡ ጆን ሮች በግማሽ ፍጻሜው ቁርጭምጭሚቱን ተጎድቶ ስለነበር እያነከሰ ተጫወተና ቡድኑ ከሁለት ተጨማሪ ሰዓት በኋላ በኤንሲ ስቴት 42 ለ 39 ተሸነፈ። የምሥራቁ ምድብ የብሔራዊ ውድድር ጨዋታዎች በዚያ ዓመት እንዲደረጉ የተወሰነው ደግሞ ኮሎምቢያ ከተማ፣ ሳውዝ ካሮላይና ራሱ በሚጫወትበት አዳራሽ ነበር። ኤንሲ ስቴት ሄዶ እዚያ ሲጫወት ባለቤቱ ተመልካች ሆነ። በዚህ ውድድር ታሪክ ከዚህ የከፋ በደል አላውቅም፤ ከ1974ቱ አስበልጬ የማየውም አሥራ አራቱ ጨዋታዎች በእኩል ሚዛን የተመዘኑ ስለነበሩ ነው።

በቀጣዩ ዓመት ሳውዝ ካሮላይና ካሳውን አገኘ። በ1971 ፍጻሜ ሊያልቅ ሴኮንዶች ሲቀሩ ኖርዝ ካሮላይና በአንድ ነጥብ ይመራ ነበር። ዳኛው ኳሱን በሁለት ተጫዋቾች መካከል ወደ ላይ ሊወረውር ሲቆም ከኖርዝ ካሮላይና በኩል 2 ሜትር ከ8 የሚሆነው ሊ ዴድመን፣ ከሳውዝ ካሮላይና በኩል ደግሞ ከእሱ አንድ ክንድ የማይሞላ ያህል የሚያንሰው ኬቨን ጆይስ ቆሙ። ጆይስ ዘሎ ቀደመውና ኳሱን ለቶም ኦወንስ አሻገረ፤ ኦወንስ ቅርጫቱ ሥር ሆኖ አስቆጠረ፣ 52 ለ 51። ሳውዝ ካሮላይና ከኤሲሲ ያገኘው ብቸኛ የውድድር ዋንጫ ይህ ነው፤ በዚያው ዓመት ሊጉን ለቆ ወጣ።

ወደ እርስዎ ቡድን ልምጣ። መጋቢት 9 ቀን 1974 ግሪንስቦሮ ላይ ሜሪላንድና ኤንሲ ስቴት ለፍጻሜ ቀረቡ። ኤንሲ ስቴት በአገር አቀፉ ደረጃ ከአናት ላይ፣ ሜሪላንድ አራተኛ ነበሩ። በሌፍቲ ድሪሰል የሚሠለጥነው ሜሪላንድ ሌን ኤልሞርን፣ ጆን ሉካስንና ኋላ ሜሪላንድን ወክሎ የኮንግረስ አባል የሆነውን ቶም ማክሚለንን አሰለፈ። በኖርም ስሎን በሚሠለጥነው ኤንሲ ስቴት በኩል ዴቪድ ቶምፕሰንና ከ2 ሜትር ከ20 በላይ የሚረዝመው ቶም በርለሰን ነበሩ። በርለሰን በሊጉ ምርጥ አምስት ውስጥ ሳይካተት ቦታው ለኤልሞር በመሰጠቱ በቁጭት ነው የገባው፤ 38 ነጥብና 13 ሪባውንድ (ከቅርጫቱ የተመለሰ ኳስ መያዝ) ይዞ ወጣ። ሜሪላንድ ከወረወራቸው ኳሶች ከመቶ ስድሳ አንድ ያህሉን አስቆጥሮ እንኳ ተሸነፈ። በተጨማሪ ሰዓት 103 ለ 100 ተጠናቀቀ። ያኔ የማጥቂያ ሰዓት ገደብም የሦስት ነጥብ መስመርም አልነበረም፤ ሁለቱ ቡድኖች በ45 ደቂቃ 203 ነጥብ ያስቆጠሩት በዚያ ሁኔታ ነው። ድሪሰል ከጨዋታው በኋላ የተቃራኒው ቡድን አውቶቡስ ላይ ወጥቶ ለተጫዋቾቹ መልካም ዕድል እንደተመኘላቸው ይነገራል። ኤንሲ ስቴት ከዚያ በብሔራዊው ግማሽ ፍጻሜ ዩሲኤልኤን (የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስን) በሁለት ተጨማሪ ሰዓት 80 ለ 77፣ በፍጻሜ ማርኬትን 76 ለ 64 አሸንፎ የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆነ። ሜሪላንድ 23 ጊዜ አሸንፎ 5 ጊዜ ብቻ ተሸንፎ ቤቱ ገባ፤ ከኤንአይቲ፣ ማለትም ከሁለተኛው ብሔራዊ ውድድር፣ የቀረበለትንም ግብዣ አልተቀበለም።

እዚህ ላይ ሁለት ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው፣ ሜሪላንድ በ1974 የሊጉ አንደኛ አልነበረም። የሰንጠረዡም መሪ፣ የውድድሩም አሸናፊ ኤንሲ ስቴት ነው። እርስዎ የሚሉት ደንብ፣ ማለትም አንደኛ የወጣው ይላክ የሚለው፣ በ1974 ሥራ ላይ ቢሆንም ሜሪላንድ አይሄድም ነበር። በዳዩ ጥሎ ማለፉ ሳይሆን ከአንድ ሊግ አንድ ቡድን ብቻ ይግባ የሚለው የኤንሲኤኤ ገደብ ነው። ከአንድ ዓመት በፊት የሆነውን ደግሞ ብዙ የሜሪላንድ ደጋፊ አያነሳውም። በ1973 ኤንሲ ስቴት 27 ለ 0 ሆኖ በፍጻሜው ሜሪላንድን 76 ለ 74 አሸንፎ ነበር። በተጫዋች ምልመላ ጥፋት ተቀጥቶ ስለነበር ግን ወደ ብሔራዊው ውድድር መግባት አልቻለም፤ በቦታው የሄደው የተሸነፈው ሜሪላንድ ነው።

ሁለተኛው፣ «ደንቡ በ1974ቱ ጨዋታ ተቀየረ» የሚለው አባባል ከልክ በላይ አጥሯል። ጨዋታው ጉዳዩን ማንም ሊክደው በማይችል መልኩ አሳየ፤ ከ1975 ጀምሮም ውድድሩ ወደ 32 ቡድን አድጎ ከአንድ ሊግ ሁለተኛ ቡድን እንዲገባ ተፈቀደ። ይሁንና ችግሩ የኤሲሲ ብቻ አልነበረም። በ1971 የሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ 24 አሸንፎ ሁለት ጊዜ ብቻ፣ ሁለቱንም ጊዜ በዩሲኤልኤ ተሸንፎ ነበር፤ ዩሲኤልኤ የሊጉን ቦታ ስለያዘ ቤቱ ቀረ። ዩሲኤልኤ ያለበት ሊግ ደግሞ ያኔ ጥሎ ማለፍ የሚባል አልነበረውም። የሰንጠረዡን አንደኛ መላክ በራሱ ፍትሕን እንደማያረጋግጥ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም። በ1980 ከአንድ ሊግ የሚገባው ቡድን ቁጥር ገደብ ጨርሶ ተነሳ፤ በ1985 ብሔራዊው ውድድር 64 ቡድን ደረሰ። ከዚያ ወዲህ ኤሲሲን የመሰለ ትልቅ ሊግ አንደኛ የወጣ ቡድን በጥሎ ማለፉ ቢሸነፍም የኤንሲኤኤ መራጭ ኮሚቴ አብዛኛውን ጊዜ መርጦ ያስገባዋል።

ለሜሪላንድ ደጋፊ የዚህን ትርጉም የሚያሳየው 2002 ነው። የጋሪ ዊሊያምስ ቡድን ሊጉን 15 ለ 1 በሆነ ውጤት አንደኛ ሆኖ ጨረሰና በኤሲሲው ግማሽ ፍጻሜ በኤንሲ ስቴት ተሸነፈ። ከሦስት ሳምንት በኋላ እነ ሁዋን ዲክሰን ኢንዲያናን 64 ለ 52 አሸንፈው የአገሪቱን ዋንጫ አነሱ። በ1974ቱ ደንብ ቢሆን ኖሮ ያ ቡድን ብሔራዊውን ውድድር በቴሌቪዥን ነበር የሚመለከተው።

ስለ ድሪሰል አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። በ1969 ሜሪላንድ ከገባ በኋላ ይህን ዋንጫ አሥራ አምስት ዓመት ጠብቋል። በ1972፣ በ1973፣ በ1974፣ በ1980 እና በ1981 በፍጻሜ ተሸነፈ፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ እያንዳንዳቸው በአንድ ነጥብ ልዩነት ናቸው። በ1984 ሌን ባያስ የውድድሩ ኮከብ ሆኖ ዱክን 74 ለ 62 ሲያሸንፉ ነው ያገኘው። ድሪሰል በየካቲት 2024 በ92 ዓመቱ አረፈ፤ እርስዎ የጠቀሱት የዲሲ ውድድር የተደረገው እሱ ካረፈ አንድ ወር ሳይሞላ ነው። ሜሪላንድ ግን ከ2014 ጀምሮ ቢግ ቴን በተባለው ሌላ ሊግ ውስጥ ስለሆነ በዚያ ሜዳ ላይ አልነበረም።

ውድድሩ የሻምፒዮን መለያ ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ ጨዋታውንም ቀይሯል። በ1968 ግማሽ ፍጻሜ ኤንሲ ስቴት ዱክን ያሸነፈው 12 ለ 10 ነው፤ የቅርጫት ኳስ ውጤት ነው ያልኩት። የማጥቂያ ሰዓት ገደብ ስላልነበረ አንድ ቡድን ኳሱን ይዞ መቆም ይችል ነበር። በ1982 ፍጻሜ ማይክል ጆርዳን የሚጫወትበት የዲን ስሚዝ ኖርዝ ካሮላይና ራልፍ ሳምፕሰን ያለበትን ቨርጂኒያን 47 ለ 45 ሲያሸንፍ፣ በጨዋታው ማብቂያ ላይ ለረጅም ደቂቃዎች ኳሱን እየተቀባበለ ሰዓት ገደለ። የአገሪቱ ሁለት ታላላቅ ቡድኖች በቴሌቪዥን ፊት ቆመው ሲተያዩ ተመልካቹ ተቆጣ። ኤሲሲ በቀጣዩ የውድድር ዓመት የ30 ሴኮንድ ገደብና የሦስት ነጥብ መስመርን በሙከራ አስገባ። ኤንሲኤኤ በመላ አገሪቱ የማጥቂያ ሰዓት ገደብን (45 ሴኮንድ አድርጎ) ሥራ ላይ ያዋለው በ1985፣ የሦስት ነጥቡን መስመር በ1986 በጀመሩት የውድድር ዓመታት ነው።

በሙከራው ዓመት፣ በ1983፣ የጂም ቫልቫኖ ኤንሲ ስቴት አትላንታ ላይ ቻፕል ሂልን በተጨማሪ ሰዓት፣ ቨርጂኒያን 81 ለ 78 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ፤ ከዚያም በብሔራዊው ፍጻሜ ሂውስተንን 54 ለ 52 አሸነፈ። የ2024ቱን አሥረኛ ቡድን እንደ ድንገተኛ ክስተት የሚያዩ ሰዎች ይህን ይዘነጉታል። እንዲህ ያለ ቡድን ዓመቱ ሊያልቅ ሲል የሚነቃው በዚህ ውድድር ውስጥ ነው።

የዘር ጉዳይንም ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም። ሊጉ ሲመሠረት በየቡድኑ ያሉት ተጫዋቾች በሙሉ ነጮች ነበሩ። የመጀመሪያው ጥቁር የኤሲሲ ቅርጫት ኳስ ተጫዋች በ1965 መለያውን የለበሰው የሜሪላንዱ ቢሊ ጆንስ ነው፤ ይህን እንደ ደጋፊ ሊኮሩበት ይገባል። በ1969 ፍጻሜ ደግሞ የኖርዝ ካሮላይናው ቻርሊ ስኮት ዱክ ላይ 40 ነጥብ አስቆጠረ፤ ከእነዚህ 28ቱ በሁለተኛው አጋማሽ የተቆጠሩ ናቸው፣ ውጤቱም 85 ለ 74 ነበር። በዚያው ዓመት የሊጉ ኮከብ ተብሎ የተመረጠው ግን ሌላ ሰው ነው። በዚያ አዳራሽ የነበረው ተመልካች ማን ኮከብ እንደሆነ በዓይኑ አይቷል።

ዋናው ነጥቤ ከዚህ ይከተላል። በ1970 ሰንጠረዡ ንጹሕ ሚዛን ነበር፤ ሁሉም ከሁሉም ጋር እኩል ተጫውቷልና። ሊጉ ግን አደገ። ጆርጂያ ቴክና ፍሎሪዳ ስቴት ገቡ፤ ከ2004 ጀምሮ ማያሚ፣ ቨርጂኒያ ቴክና ቦስተን ኮሌጅ፣ በ2013 ሲራኪዩስ፣ ፒትስበርግና ኖትር ዳም፣ ሜሪላንድ በወጣበት በ2014 ሉዊቪል ገቡ። በ2024 ክረምት ካሊፎርኒያ፣ ስታንፎርድና ኤስኤምዩ ሲጨመሩ 18 ሆኑ። አሥራ ስምንት ቡድኖች 20 ወይም ከዚያ ያነሰ የሊግ ጨዋታ ብቻ ሲኖራቸው ሁሉም ከሁሉም ጋር ደርሶ መልስ መጫወት አይችሉም። አንዱ ቡድን ከጠንካሮቹ ጋር ሁለት ጊዜ ሲገናኝ ሌላው አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም በገዛ ሜዳው ይገናኛል። እርስዎ በጠቀሱት የ2024 ዓመት እንኳ አሥራ አምስቱ ቡድኖች ከተወሰኑት ጋር ሁለት ጊዜ፣ ከቀሩት ጋር አንድ ጊዜ ነው የተጫወቱት። ስለዚህ የእርስዎ ሙግት ዛሬ ከሃምሳ ዓመት በፊት የነበረውን ጥንካሬ የለውም። ሰንጠረዡ አሁንም ብዙ ይናገራል፤ 17 ለ 3 የጨረሰ ቡድን በዕድል አልጨረሰም። ግን አንደኛውና ሦስተኛው በአንድ ጨዋታ ከተለያዩ፣ ያ ልዩነት የአቅም ይሁን የመርሐ ግብር ማንም በእርግጠኝነት ሊነግርዎ አይችልም።

ዲሲ ላይ የሆነውንም በቅርበት ይዩት። ኤንሲ ስቴት ወደ ውድድሩ የገባው 17 አሸንፎ 14 ተሸንፎ፣ ከአራት ተከታታይ ሽንፈት በኋላ ነበር። ማክሰኞ ሉዊቪልን፣ ረቡዕ ሲራኪዩስን፣ ሐሙስ ዱክን አሸነፈ። ዓርብ ከቨርጂኒያ ጋር ሦስት ነጥብ ተመርቶ ጥቂት ሴኮንዶች ሲቀሩ ቨርጂኒያ የቅጣት ውርወራ ሳተ። ማይክል ኦኮነል ኳሱን ይዞ ሮጦ ከርቀት ወረወራት፤ ሰሌዳውን ነክታ፣ ብረቱ ላይ ተንከባልላ ገባች። በተጨማሪ ሰዓት 73 ለ 65 አሸነፉ። ቅዳሜ ኖርዝ ካሮላይና ተሸነፈ። አምስት ቀን፣ አምስት ጨዋታ፣ እንደ ኖርዝ ካሮላይናና ዱክ ሁለት ጨዋታ ዘልሎ መግባት ሳይኖር። ዕድል ነው እንዳይባል፣ ከዚያ በብሔራዊው ውድድር ማርኬትንና ራሱን ዱክን ደግሞ አሸንፎ እስከ መጨረሻዎቹ አራት ደረሰ። ይህን ያደረገ ቡድን ዋንጫ ሰርቋል ማለት አይቻልም።

የሰንጠረዡ አንደኛ ያለ ፍጻሜ ዋንጫ የተሰጠበት አንድ ጊዜ አለ፤ 2020። መጋቢት 12 ቀን ግሪንስቦሮ ላይ ፍሎሪዳ ስቴትና ክሌምሰን ለመጫወት ሜዳ ገብተው ሲያሟሙቁ በኮሮና ምክንያት ውድድሩ ተሰረዘ። አንደኛ የወጣው ፍሎሪዳ ስቴት በመሆኑ ዋንጫው ባዶ ወንበሮች ፊት ተሰጠው። ሕጋዊ ሻምፒዮን ነው። የተጫዋቾቹን ፊት ያየ ሰው ግን እንዲህ ሊያገኙት እንዳልፈለጉ ይረዳል።

አማራጮቹ ሦስት ናቸው። አንዱ እርስዎ ያሉት ነው፤ ቀጥታ ማለፊያው ለሰንጠረዡ አንደኛ ይሰጥ። ያኔ ጥሎ ማለፉ ትርጉም አልባ ይሆናል፤ አንደኛው ቡድን ተጫዋቾቹን ያሳርፋል፣ አሥረኛው ደግሞ የሚጫወትለት ነገር አይኖረውም። ሁለተኛው የተሳታፊውን ቁጥር መቀነስና ለመሪዎቹ ብዙ ዙር መዝለል ነው። ኤሲሲ በ2025 ከ18ቱ 15ቱን ብቻ አስገብቷል። ሦስተኛው አሁን ያለውን እንዳለ መተው ነው።

ለኤሲሲና ለመሰሎቹ ትልልቅ ሊጎች ምክሬ የውድድሩ አሸናፊ ሻምፒዮን ይባል፣ ማለፊያውም የእሱ ይሁን የሚል ነው። የሰንጠረዡ አንደኛ አብዛኛውን ጊዜ በኮሚቴው ምርጫ ስለሚገባ የሚጎዳው ከስንት አንዴ ነው። ቅሬታዎን ማንሳት ያለብዎት ስለ ትንንሾቹ ሊጎች ነው፤ ከእነሱ ዛሬም አንድ ቡድን ብቻ ነው የሚገባው። እዚያ 1970 አላለፈም። የአይቪ ሊግ በ2017 ለመጀመሪያ ጊዜ ጥሎ ማለፍ ሲያዘጋጅ ፕሪንስተን ሊጉን 14 ለ 0 ጨርሶ ነበር። ግማሽ ፍጻሜውን የተጫወተው ግን በራሱ በተጋጣሚው በፔን አዳራሽ ሲሆን ያለፈውም በተጨማሪ ሰዓት ነው። ቢሸነፍ ኖሮ ያ ዓመት በሙሉ ይጠፋ ነበር። ቀድሞ በትንንሽ ሊጎች አንደኛ ወጥቶ በጥሎ ማለፉ የተሸነፈ ቡድን ቢያንስ ኤንአይቲ ውስጥ የተረጋገጠ ቦታ ነበረው፤ በ2024 ያ ዋስትና ለሁሉም መሰጠቱ ቀረ። ስለዚህ እነዚህ ሊጎች አንደኛውን ቡድን በቀጥታ ግማሽ ፍጻሜ ያስገቡ፣ ጨዋታውንም በእሱ ሜዳ ያድርጉ። ዌስት ኮስት ኮንፈረንስ መሪዎቹን ወደ ግማሽ ፍጻሜ በማሻገር የሚሠራበት መንገድ በቂ ምሳሌ ነው።

መዝገብ ሲያነቡ ደግሞ አንድ ነገር ይጠንቀቁ። «የኤሲሲ ሻምፒዮን» የሚለው ዝርዝር የጥሎ ማለፉን አሸናፊዎች ብቻ ይይዛል። ሜሪላንድ እዚያ ሦስት ጊዜ ነው ያለው፤ 1958፣ 1984 እና 2004። የ2002ቱ ቡድን፣ የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆኖም እዚያ የለም፤ የ1970ው ሳውዝ ካሮላይናም የለም። ከልጅዎ ጋር ሲከራከሩ ከዚህ ዝርዝር ጎን የየዓመቱን የሊግ ሰንጠረዥ አስቀምጠው፣ ቡድኖቹ ስንት እንደነበሩና እያንዳንዱ ከማን ጋር ስንት ጊዜ እንደተጫወተ አብራችሁ ተመልከቱ።